የሮማነወርቅ ግድግዳ

ሮማነወርቅ ከሦስተኛ ክፍል የወጣችው እናቷ አልጋ ላይ በዋለችበት ዓመት ነው። ፊደሉ ጨርሶ አልጠፋባትም፤ ግን ማንበብ እንደ ዳገት ያደክማት ስለነበር ተወችው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት በጠራጊነት ስትቀጠር ሹሙ ግራዝማች ሣህሌ የወደዱላት ይህንኑ ነበር። «ለመዝገብ ቤት እንዲህ ያለች ናት የምታስፈልገው» አሉ፤ «ወረቀት አይታ የማታይ!» ጸሐፊዎቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች።

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ግራዝማች የመዝገብ ቤቱን እኩሌታ የእንግዳ መቀበያ ሊያደርጉት አሰቡ። እስከ ጣሪያ የተቆለለውን አሮጌ ዶሴ በከዘራቸው እያሳዩ፣ «ይህን ከጓሮ ወስደሽ አቃጥይልኝ። አይጥ ከማርባት ሌላ ምን ይሠራል?» አሏት። የጠየቀ የለም፤ የፈረመም የለም። በዚያ ግቢ ከሹሙ በላይ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሁለት ቀን ሙሉ አቃጠለች። በሦስተኛው ቀን የቀረውን ወፍራም ወረቀት ስታይ እጇ እምቢ አላት። ቤቷ ዳገቱ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በጭቃው ስንጥቅ እየገባ ክረምቱን ሙሉ ያስላት ነበር። ጎረቤቶቿ ግድግዳቸውን ጋዜጣ ለጥፈውበታል፤ ለእሷ ግን ጋዜጣ የሚያመጣላት ሰው የለም። ሁለት ሸክም ወረቀት ተሸክማ ሄደች፤ ዱቄት በውሃ አፍልታ፣ አንዱን አቅንታ ሌላውን ዘቅዝቃ ለጠፈችው። በዚያ ክረምት አላሳላትም።

ኦቦ ሰቦቃ መመላለስ የጀመሩት በዓመቱ ነው። እንጦጦ ግርጌ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ጎረቤታቸው ባለመሬት ወሰን ገፍቶ እስከ ደጃቸው አርሶባቸው ቢከሱት፣ ዳኛው የአባታቸው የበዳዳ ጣት ያለበትን የወሰን ወረቀት አምጡ አሏቸው። ወረቀቱ የተቀመጠው ደግሞ ከግራዝማች መዝገብ ቤት ነው። ማክሰኞና ዓርብ ይመጣሉ። ግራዝማች፣ «እየተፈለገ ነው በያቸው» ስላሏት፣ እንደ ሌሎቹ ባለጉዳዮች ሁሉ የምትመልሳቸው ሮማነወርቅ ናት።

«ዛሬም አልተገኘም፣ ኦቦ። እየተፈለገ ነው።»

«እሺ ልጄ። ወረቀትም እንደ በሬ ይጠፋል፣ እንደ በሬም ይገኛል።»

«ከሚመላለሱ» ይላቸዋል ዘበኛው ቀጀላ፣ «እዚሁ በሩ ላይ ጎጆ ቢቀልሱ አይሻልም?»

«ቀልሼ ባንተ ልተማመን? በሩን እንኳ እያንቀላፋህ ነው የምትጠብቀው!»

አንድ ቀን ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸውና ሮማነወርቅ ቤቷ አስጠለለቻቸው። በረጠበ ጋቢያቸው መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ።

«ቤትሽ ይሞቃል» አሏት።

«ወረቀት ለጥፌበት ነው።»

«ጎሽ! ብልህ ነሽ።»

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አቶ ወልደ ሐዋርያት የሚባሉ መርማሪ መጡ። መዝገብ አያያዝ እንዲመረምሩ ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላኩ፣ ለግራዝማች የማይታዘዙ ሰው ናቸው። ሙክት ቢታረድላቸው ከኪሳቸው ገብስ ቆሎ አውጥተው ቆረጠሙ። የመዝገብ ቤቱን በር ራሳቸው በሰም አትመው፣ በማግስቱ ራሳቸው ከፈቱ። ከዚያ ባሕር መዝገቡን ዘርግተው፣ የተጻፈውን ከመደርደሪያው ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ባገኙት ቁጥር የባለጉዳዩን ስም ጮክ ብለው ይጠራሉ። «በዳዳ፤ የወሰን ወረቀት፤ በጣት የተፈረመ። የለም።»

«ጣሪያው እያፈሰሰ ዝናብ ነው ያበላሸው» አሉ ግራዝማች።

«ዝናቡ እየመረጠ ነው የሚዘንበው?»

«ቃሌን አያምኑም?»

«ሹም በራሱ መዝገብ ላይ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ዳኛ ከሆነማ እኔ ምን ላደርግ መጣሁ?» አሉና ወደ ሮማነወርቅ ዞሩ። «የሚጠርጉት እርስዎ ነዎት። የሚያውቁት አለ?»

በዚያ ግቢ እርስዎ ብሏት የሚያውቅ አልነበረም። የግራዝማች ዓይን ግን አንገቷ ላይ ነበር።

«ዝናብ ነው፣ ጌታዬ» አለች። «እኔ ፊደል የማልቆጥር ሴት ነኝ።»

ቤቷ ስትገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ግድግዳዋን ማንበብ ጀመረች። የተዘቀዘቀውን አንገቷን አጣምማ አነበበች። ከመደቡ በላይ ስትደርስ፣ በ፣ ዳ፣ ዳ። ከሥሩ ማኅተምና የአውራ ጣት አሻራ። ከአሻራው አጠገብ የሽማግሌው የረጠበ ጋቢ የተወው ቢጫ እድፍ። ሁለት ዓመት የለመኑትን ወረቀት ተደግፈውት ነበር፤ ብልህ ነሽም ብለዋታል።

በእርጥብ ጨርቅ ልታላቅቀው ስትሞክር ቀለሙ መልቀቅ ጀመረ፤ ደንግጣ ተወችው። በመጨረሻ ዙሪያውን በቢላ ቆፍራ ከነጭቃው ከግድግዳው ነቀለችው።

በማግስቱ ጠዋት በሰፌድ አድርጋ፣ በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

«ሮማን፣ ድፎ ነው እንዴ? ለኛ ሳታቀምሺ!» አሏት ጎረቤቶቿ።

ሰፌዱን ከመርማሪው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። «ዝናብ አይደለም። አቃጥይ ተብዬ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። የቀረው ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው።»

«ሌባ!» ብለው ተነሡ ግራዝማች።

«ማን ነው አቃጥይ ያለዎት?»

«እሳቸው።»

አቶ ወልደ ሐዋርያት ቃሏን ጽፈው አነበቡላትና የጣት ቀለሙን አስጠጉላት። «እጽፋለሁ» አለች ሮማነወርቅ፣ መሬት መሬት እያየች። ስሟን ስትጽፍ የትናንቱ ውሸቷ በሁሉም ፊት ተገለጠ።

መርማሪው ሁለት ቀን ቤቷ ቆመው ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ በወረቀት ገለበጡ። ኦቦ ሰቦቃ በዚያ ወረቀት ወሰናቸውን አስመለሱ። ግራዝማች ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ፤ ሮማነወርቅ ከሥራ ተባረረች። ስለ መባረሯ አልተከራከረችም። የሁለቱ ቀን እሳት የበላውን ግን ማንም ሊገለብጠው አልቻለም። እየተፈለገ ነው ብላ የመለሰቻቸውን ሰዎች በመልክ ታውቃቸዋለች፤ ሾላ ገበያ ስታያቸው መንገድ ትቀይራለች።

ለፋሲካ ኦቦ ሰቦቃ ማር ይዘውላት መጡ። እንደ ድሮው መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ግድግዳውን ቢደገፉት ባዶ ጭቃ ነው፤ ሌላውንም ወረቀት ልጣ አውጥታዋለች።

«ቤትሽ በረደ፣ ልጄ። ልጆቼ ጋዜጣ ያምጡልሽ?»

«አይ፣ ኦቦ። ይቅር፤ እንዲሁ ይሁን» አለችና፣ ማሩን ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ ዓይናቸውን ማየት አቃታት።