«ደረሰ?» ብዬ የላክኩት ኢሜይል

ዛሬ ስልኬ ላይ «ገና አልደረሰም» የሚል ቴክስት ሲገባ ላብ በላብ ሆንኩ።

ራቤል ከተማ ያለውን፣ የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠራውን የባና ሸማኔዎች ማኅበር ድረ ገጽ ወደ አዲስ ሰርቨር አዛውሬ መጨረሴ ነበር። ማኅበሩ ትዕዛዝ የሚቀበለው በኢሜይል ስለሆነ፣ እሱ ከተቋረጠ አለቀልኝ።

ለሙከራ ለሰብሳቢዋ ለእትዬ አስካለ «ደረሰ?» ብዬ በኢሜይል ጻፍኩላቸው። ቴክስቱ የሳቸው መልስ ነው።

የኢሜይሉን ሴቲንግ አንዴ ሳፈርስ አንዴ ስገጥም፣ ቁጭ ብድግ ስል ቆየሁ። (ምሳዬንም ረሳሁት።) እንደገና «አሁንስ?» ብዬ ላክኩ።

ደወሉልኝ። «ኧረ ልጄ፣ ምን አጣደፈህ? ውርጭ ካልመታው በሚቀጥለው ወር ይደርሳል!»

ለካ ማሳቸው ላይ ያለው ገብስ ደረሰ ወይ ያልኳቸው መስሏቸው ነው!

ኢሜይሉማ ከመጀመሪያውም ደርሷቸዋል። ባይደርሳቸው ምኑን ይመልሱልኝ ነበር?

እናንተስ ምን ያልተበላሸ ነገር ስትጠግኑ ውላችሁ ታውቃላችሁ?