በዋዜማው የሚቀየር ዘይት

ባለፈው ሳምንት አለቃዬ በስልኬ ላይ አንድ አፕ ጫነችልኝ። የምሠራው ኖርዌይ ውስጥ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። የሚሠራው ሁሉ አንድ በአንድ አፑ ላይ ይጻፋል፤ ቀኑ ሲደርስ ስልኩ ይጮኻል። ልጅቷ ዕድሜዋ ከልጄ ያንሳል፤ አሠራሩን በትዕግሥት ካስረዳችኝ በኋላ፣ «አንቺ ግን ያለዚህም ረስተሽ አታውቂም፤ እንዴት ነው?» አለችኝ። ሣቅ ብዬ ወደ ማሽኖቼ ዞርኩ። በእነሱ ቋንቋ ጀምሬ የምጨርሰው ወሬ አይደለማ።

በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ፣ ከተወለድኩባት ከናዝሬት ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ፣ አዋሽ ዳር በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጠዋት ጠዋት በእርሻው የጭነት መኪና ተጭነን እንሄዳለን። የናዝሬት ነፋስ መቼም የታወቀ ነው፤ የሻሼን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምደርሰው። ስንወርድ ሌላ ዓለም ነው። ውሃ የጠጣ አፈር ይሸታል፣ ሽንኩርት ይሸታል፣ ከዚያ ደግሞ ናፍጣ። በጾም መንገድ ዳር ፓፓያ እንገዛና ሎሚ ጨምቀንበት ምሳ እናደርገዋለን። እስከ ዛሬ እንደዚያ የሚጣፍጥ ፓፓያ አልበላሁም።

የእርሻው ነፍስ የፓምፕ ቤቱ ነበር። ውሃውን ከወንዙ የሚስቡት ሞተሮች ከቆሙ በዚያ ሐሩር ሽንኩርቱ ሁለት ቀን አይሰነብትም። የፓምፕ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ በቀለ ነበሩ፤ ቤት ሙሉ ልጆች ያሏቸው፣ ደግ፣ ሲደነግጡ የሚንተባተቡ ሰው። የጥገናው ዕቅድ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሮ ማንም አያየውም። የቀኑ ተረኛ የማታው ሠርቶታል ይላል፣ የማታው ደግሞ የቀኑ። በጥር አንደኛዋ ሞተር ዘይት ሳይቀየርላት ቀርቶ ነደደች። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ሁላችንም ፊት፣ «በቀለ፣ ሌላ ሞተር ብትደግም ስሙ መርሳት አይደለም፤ አሻጥር ነው» አላቸው። በዚያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

እኔ ሞተር አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ከፓምፕ ቤቱ ሠራተኞች መካከል ወረቀቱን የሚያነብ ባይኖርም፣ ሚካኤል መቼ እንደሚውል የሚረሳ የለም። «ጋሽ በቀለ፣ ሥራውን ለምን በቅዱሳኑ ቀን አናደርገውም? ዘይቱን በሚካኤል፣ ግራሶውን በገብርኤል፣ ፊልትሮውን በማርያም» አልኳቸው። አማተቡና፣ «ይሁን፣ እነሱው ይጠብቁን» አሉ።

ሞተረኛው ከማል የደራ ልጅ ነው። «እኔስ የእናንተን ታቦት ስቆጥር ልከርም?» ብሎ ሳቀብኝ።

«ላንተ ጁምዓ አለልህ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ። የመምጠጫውን ወንፊት ከሣርና ከቅጠል ማጽዳት በየሳምንቱ የሚሠራ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ ለእሱ ሆነ።

የመጀመሪያው ገብርኤል ሊያጠፋን ነበር። ግራሶ የመቀባቱ ተራ የሌላው ሞተረኛ የደሳለኝ ነው፤ ደሳለኝ ግን ቀኑን አልረሳም፣ ቀኑን አክብሮ ቅዳሴ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ነጭ በነጭ ለብሶ ሲመጣ ፓምፑ እንደሚታረድ ፍየል ይጮኻል። ጋሽ በቀለ ሮጠው ባያጠፉት አልቆልን ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ግራሶው!» ሲሉት፣ «በገብርኤል ምድር፣ በዚህ ልብስ?» አላቸው። ከማልም ሳቁን እየታገለ፣ «እኔም ብሆን ዓርብ ታጥቤ ለብሼ ወንዝ አልገባም» አለ።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ቤቴ ተኮራምቼ ተቀምጫለሁ። እናቴ ጓዳና ግቢ እየተመላለሰች ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ ሌማት ትወለውላለች። «እማዬ፣ አረፍ በይ እንጂ» ብላት፣ «ነገ ማርያም ናት! ዛሬ ያልታጠበ ነገ አይነካም» አለችኝ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አገሩ ሁሉ እኮ ሥራውን የሚጨርሰው በበዓሉ ሳይሆን በዋዜማው ነው! ለነገ ዕረፍቱ ሲል ዛሬ የማይሮጥ ማን አለ? ከዚያ ወዲያ ዘይቱ የሚካኤል ዋዜማ ሆነ፣ ግራሶው የገብርኤል፣ ፊልትሮው የማርያም፤ የከማልም ሥራ ወደ ሐሙስ ዞረ። አንድም ቀን አልተዘለለም።

መጋቢት ላይ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ከእኛ በታች ያለው እርሻ ፓምፖቹ ቆመውበት ሽንኩርቱ ደረቀ። ወዲያው አንድ ካድሬ ከሥራ አስኪያጁ ጋር እኛ ዘንድ መጣ፤ አሻጥር ፍለጋ ነው።

«ይቺ ሞተር ዘይቷ መቼ ተቀየረ?» ብሎ ጋሽ በቀለ ላይ አፈጠጠ።

ጋሽ በቀለ ደነገጡ፤ ሲደነግጡ ደግሞ አፋቸው የለመደውን ነው የሚያመጣው። «በ... በሚካኤል ዋዜማ፣ ጓድ።»

«ግራሶው?»

«በገብርኤል ዋዜማ» አለ ደሳለኝ።

«ወንፊቱን ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ፣ ለጁምዓ» ብሎ ከማል ጨመረበት።

ሥራ አስኪያጁ አመድ መሰለ። ካድሬው አንድ በአንድ አየንና፣ «ይሄ እርሻ ነው ወይስ ደብር? ማነው ያወጣው?» አለ። ጋሽ በቀለ «ኃላፊው እኔ ነኝ» ማለት ሲጀምሩ ልጆቻቸው ፊቴ ድቅን አሉብኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ» አልኩ። «ወረቀቱን የሚያይ የለም፤ ይህን ቀን የሚረሳ ግን የለም። ሞተሯን ይዩዋት።»

የዘይት መለኪያዋን መዞ በገዛ መሐረቡ ጠረገና ደግሞ ነክሮ አወጣት። ዘይቱ ማር ይመስላል። መሐረቡን እያጠፈ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «እናቴ ባለ ወልድን ትዘክራለች» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለእሱስ ዋዜማ ምን ሰጣችሁት?»

«ቺንጋ ማጥበቅ፣ ጓድ፤ የፓምፑን ቀበቶ።»

ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጥሩ የሥራ ዕቅድ ነው። በቁጥር ጻፉትና ለጥፉት። እኔ እዚህ ቅዱሳን አላየሁም!» አለና ወጣ።

በቁጥር ጻፍነው፤ በ11 ዘይት፣ በ18 ግራሶ፣ በ20 ፊልትሮ፣ በ28 ቺንጋ። ሌሎች እርሻዎችም ቀዱት አሉ፤ ቁጥሮቹ ለምን እንዲያ እንደተዘበራረቁ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ጋሽ በቀለ በዚያው ሰሞን አንድ እቅፍ ሸንኮራ አገዳ ቤታችን ድረስ ተሸክመው መጥተው ለእናቴ፣ «ልጅሽ ቤቴን አቆመችልኝ» አሏት። ጡረታቸውን በልተው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ በአልጋቸው ላይ ነው ያረፉት። ትዕቢት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህችን ግን የንስሐ አባቴም ፈገግ ብለው አልፈውልኛል።

ሰው ሥራን የሚያስታውሰው ስለተጻፈለት ብቻ አይመስለኝም፤ ከሚወደው ነገር ጋር ሲታሰርለት ነው። የልጅቷን አፕ አልናቅኩትም፤ የቤተ ክርስቲያናችንን የቀን መቁጠሪያ ይዤ ተቀመጥኩና የማድረቂያ ማሽኖቹን ፊልትሮ እጥበት በአማርኛ ሞላሁት። ያን ጊዜ በቁጥር የሸሸግነውን አሁን በሙሉ ስሙ ጻፍኩት፦ «የሚካኤል ዋዜማ»።

ትናንት ስልኬ ሲጮኽ ልጅቷ አፑ ሠርቶ እንደሆነ ልታይ ብቅ አለች። ፊልትሮው ቀድሞ ታጥቦ፣ መስኮቱ ሥር ተሰቅሎ ይንጠባጠብ ነበር።