ሁለተኛ ቴክ የሌለው ስንዴ

የፊልም ሥራ የጀመርኩት አማርኛን ወደ አማርኛ በመተርጎም ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ዳይሬክተር አንድ ሽማግሌ «አይዶለም» ባሉ ቁጥር ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለ?» ይለኛል። እኔም «አይደለም አሉ» ብዬ እመልሳለሁ፤ «አሉ» የምትለዋን ረገጥ አድርጌ። እሱ ግን ልብ አላለውም። እንዲያውም በሦስተኛው ቀን ለካሜራ ባለሙያው «ይቺ ልጅ ባትኖር ምን እንሆን ነበር» ሲለው ሰማሁና ደስ ልሰኝ ወይስ ልናደድ ግራ ገባኝ። ሦስት ዓመት ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ ተምሬ፣ የተፈለግሁት የአባቴን አነጋገር ስለማውቅ ሆኖ ተገኘ።

የተወለድኩት ቡሬ አጠገብ ካለ የገጠር ቀበሌ፣ ከገበሬ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የፊልም ተማሪ ስሆን አባቴ ለጎረቤት «የቴሌቪዥን ነገር ነው የምትማረው» እያለ በደፈናው ያልፈው ነበር። አክስቶቼ ያን ያህል እንኳ አልራሩልኝም፤ «ይኼም ትምህርት ተብሎ» እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጡልኛል። ወደ መጨረሻው ዓመት ለማለፍ የቀረኝ የተግባር ልምምድ ብቻ ነበር። ከባለሙያዎች ጋር አምስት ሳምንት ሠርቼ፣ በስተመጨረሻ ዳይሬክተሩ «ልምምዷን በአግባቡ አጠናቃለች» የሚል ፎርም ላይ መፈረም አለበት። ካልፈረመ ዓመቱን እደግማለሁ፤ አክስቶቼም የክረምት ወሬ አገኙ ማለት ነው። ያችን ፎርም በላስቲክ ጠቅልዬ በቦርሳዬ ይዣት እዞር ነበር።

ማረፊያችን ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ሆቴል ነው። በየማለዳው ሚኒባስ ውስጥ ታጭቀን ወደ ተመረጠው ቦታ እንሄዳለን። ከትርጉሙ ሌላ ሻይና ውኃ አቀርባለሁ፣ ሊያይ የተሰበሰበውን ሰው ዝም አሰኛለሁ፣ ዋናው መንገድ ላይ ስንቀርጽ ደግሞ ባጃጅና ጋሪ አስቆማለሁ። ባለባጃጁ ተሳድቦ ይቆምልኛል፤ የጋሪ ፈረስ ግን ልክ «ዝምታ» ሲባል ነው ማንኮራፋት የሚጀምረው። ማታ ማታ ጉሮሮዬ ተዘግቶ እተኛለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ኮንቲኒዩቲ የሚሠራው ልጅ ታይፎይድ ያዘውና ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። በታሪኩ ውስጥ በአንድ ቀን የሆነው ነገር የሚቀረጸው በተለያየ ቀን ስለሆነ፣ ተዋናዩ ሸሚዙን እስከ ስንተኛው ቁልፍ እንደቆለፈ፣ ብርጭቆው ምን ያህል እንደጎደለ መዝግቦ የሚይዝ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። ዳይሬክተሩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «እስቲ ለጊዜው» አለ። ያሳደገኝ ከሃያ በግ አንዷ ስትቀር ሳይቆጥር የሚያውቅ አባት ነው፤ የጎደለ ነገር ማየት ከቤቴ ይዤው የወጣሁት ሙያ ነው። ቡሬ ገበያ ውስጥ ስንቀርጽ ከተዋናይቷ ጆሮ አንዱ ጉትቻ መጥፋቱን ከሁሉም ቀድሜ አየሁ፤ ትዕይንቱ እንደገና ተቀረጸ፤ በፊልም ቋንቋ «ቴክ ሁለት» ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ የካሜራ ባለሙያው «ፖሊስ» ይለኝ ጀመር። ስሙን ወደድኩት።

የስንዴው ቀን የመጣው በአራተኛው ሳምንት ነው። በድርሰቱ ላይ ልጁ የሞተበት አንድ ገበሬ ከቤቱ ይወጣና ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ ስንዴውን ያበጥራል። ከቤት ሲወጣ ያለውን ከሁለት ቀን በፊት ቀርጸነዋል። ለቀረው ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ተገኙ። ስንዴያቸው ተወቅቶ ነፋስ እየጠበቀ ነበር፤ እሳቸውና ልጆቻቸው የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ፣ ተዋናዩ ከመካከላቸው ገብቶ ማበጠሪያውን መንሽ ይይዛል፣ እኛ እንቀርጻለን። ስምምነቱ ይኸው ነበር። ማስዋቢያ ስንዴ እንዳይመስላችሁ፤ የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ነው።

አውድማ በጫማ አይገባም። ሴት ደግሞ በጫማም ያለ ጫማም አትገባም፤ ከገባች ምርቱ ይጎድላል ይባላል። ይህን ለባልደረቦቼ የነገርኳቸው እኔው ነኝ፤ በገዛ አፌ ራሴን ከሥራው ቦታ አስወጣሁ። ወንዶቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ ገለባው እግራቸውን እየወጋቸው በእንክስ እንክስ ካሜራ ሲተክሉ፣ እኔ ከአውድማው ውጪ ደብተሬን ታቅፌ አሥራ አራት ጥንድ ጫማ ስጠብቅ ዋልኩ። ነገሩ ከድሮም ያናድደኛል። አረሙን ስንነቅል ወገባችን የሚቆረጠው እኛ፣ ነዶ ስንሸከም አንገታችን የሚጣመመው እኛ፤ ምርቱ ሲታይ ግን ወደዚያ። ይሁንና የሰው ደጅ ነው ብዬ ደብተሬን ገለጥኩ።

ነፋስ ደግሞ እንደ ጋሪ አይታዘዝም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ አልን። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል፣ ሰማዩን ያያል፣ እኔን ያያል፤ የአገሬ ነፋስ ስለሆነ ተጠያቂዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። አዛውንቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ብለዋል። ድንገት ተነሥተው ጥቂት ገለባ በጣታቸው ቆንጥረው ወደ ላይ በተኑና ለልጆቻቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። መጣ።

የዚያን ዕለት ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። መንሹ ወደ ላይ ሲወረውረው ገለባው ወደ ጎን ይሄዳል፣ ስንዴው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ተዋናዩም ሲጀምር እጁ አልታዘዝለት ብሎ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ከአዛውንቱ ጋር አንድ ላይ ማንሳት፣ አንድ ላይ መጣል ሆነለት። ላብና አቧራው ፊቱ ላይ ተለጥፎ እውነተኛ ገበሬ መሰለ። ዳይሬክተሩ አልቆረጠም፤ ስንዴው ተበጥሮ እስኪያልቅ ድረስ ካሜራው ሳያቋርጥ ቀረጸው። በመጨረሻ አውድማው መሐል ንጹሑ ስንዴ፣ ዳር ላይ ገለባው ለየብቻ ተከምረው ቀሩ። «ካት» ሲል ሁላችንም አጨበጨብን። አዛውንቱ አላጨበጨቡም፤ አማተቡ።

ከዚያ ዳይሬክተሩ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞሮ «ኮንቲኒዩቲ?» አለ።

ደብተሬን ሳላይ አውቄዋለሁ። ተዋናዩ ከሁለት ቀን በፊት ከቤቱ ሲወጣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ነበረው። ሥራው እስኪጀመር ሸሚዙ ተቆልፎ ስለነበር አልታየኝም፤ አሁን በሙቀቱ እስከ ደረቱ ከፍቶት አንገቱ ባዶ ነው። ሌላ አገር ምናልባት ማንም አያየው ይሆናል። እዚህ ግን ከዘፈኑም ከለቅሶውም በፊት ሰው የሚያየው እሱን ነው፤ ማተብ የሌለው የጎጃም ገበሬ ፊልም ላይ ቢታይ አገር ይስቅብናል። ዝም ልል እችል ነበር። ዝም ለማለት ግን አልነበረም ያን ሥራ የለመንኩት። «ማተቡ የለም» አልኩ። የልብስ ኃላፊው እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ለካ ሆቴል ትቶት መጥቷል።

ዳይሬክተሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና «ጎበዝ» አለኝ። ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽም። ኩራቴ ግን ግማሽ ደቂቃም አልቆየ። ከአንዱ ሻንጣ ጥቁር ክር ተፈልጎ ተዋናዩ አንገት ላይ ሲታሰር ዳይሬክተሩ እጁን አጨበጨበና እንዲህ አለ፦ «ቴክ ሁለት። ፋዘር፣ ነፋሱ ሳያመልጠን ገለባውን መልሰው ይቀላቅሉትና እንደገና እንጀምር።»

አዛውንቱ መጀመሪያ አልገባቸውም። ፈገግ ብለው ጆሯቸውን አቀረቡ። እሱ በእጁ ጭምር አሳያቸው፦ ያንን ወደዚህ። ፈገግታቸው ጠፋ። ልጆቻቸው ሥራቸውን አቆሙ። እሳቸው ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ስንዴው እያዩ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ የተጠመቀ ሕፃን ወደ ኋላ ይመለሳል? ይኼኮ አንዴ ተለይቷል።»

«ምን አለ?» አለኝ ዳይሬክተሩ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» እያልኩት ነበር የኖርኩት። «ሰምተሃቸዋል፤ የተናገሩት አማርኛ ነው» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ እኔ ቀርቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለኝን አንድም ቃል አልረሳሁም። እንደገና እንዲቀረጽ ምክንያቱ እኔ መሆኔን አስታወሰኝ። የአገሩ ልጅ ተብዬ የመጣሁት ለዚህ ለዚህ መሆኑን ነገረኝ፤ ሄጄ ሽማግሌውን እንዳስማማቸው፣ ካሳም ካስፈለገ እንደሚሰጣቸው። ከዚያ ስለ ፎርሜ አነሳ። እንድፈርምልሽ ከፈለግሽ ሥራሽን ሥሪ፣ ነው ነገሩ። የአክስቶቼ ከንፈር መጣብኝ። ሆኖም ማተቡን ረስተን የመጣነው እኛ ነን፤ ለእኛ ዝንጉነት የእሳቸው ስንዴ ለምን ይቀጣል? እንጀራ የሚያበላው እህል ላይ ገለባ መልሱበት ብዬ ለሽማግሌ ልናገር? አባቴን እንዲህ ብለው በምን ዓይኑ ያየኝ ነበር? «አልልም» አልኩ።

«እንግዲያው እኔው አደርገዋለሁ» አለና ከአንዱ የአዛውንቱ ልጅ እጅ መንሹን መንጭቆ ወደ ገለባው ሄደ። አንድ መንሽ ሙሉ አነሳ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ጫማዬ የት እንደቀረም አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት አውድማው መሐል፣ በእሱና በስንዴው መካከል ቆሜ ነው። ስንዴው ከተረከዜ አንድ ስንዝር አይርቅም።

ሁሉም ደነገጠ፤ ከሁሉም በላይ ግን አዛውንቱ። ስለ ስንዴው ያላሳዩትን ድንጋጤ ስለ እኔ አሳዩ። «ውጪ፣ ልጄ። ሴት አይገባም፤ ውጪ እባክሽ» አሉኝ።

«እሱ መንሹን ሲያስቀምጥ እወጣለሁ፣ አባቴ» አልኩ።

ሁለት ወንዶች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ሁለቱም ከዚያ ቦታ ሊያስወጡኝ ይፈልጋሉ። ለሁለቱም ንቅንቅ አልልም አልኩ። ነገሩን የፈታው ተዋናዩ ነው። መንሹን መሬት ላይ አጋድሞ ሄደና ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ያለ ተዋናይ ቴክ ሁለት የለም። ዳይሬክተሩም የያዘውን ገለባ እዚያው ክምሩ ላይ ጣለው። ያን ጊዜ ወጣሁ።

ሆቴል ስንደርስ ዳይሬክተሩ ፎርሜን ተቀበለኝ። ፎርሙ አልተፈረመም፤ አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ ግን «ትዕዛዝ አትቀበልም» ተብሎ ተጽፎበት ተመለሰልኝ። እውነቱን ነው፤ እንዲያ ያለውን አልቀበልም። በማግስቱ ደግሞ አዛውንቱ ቄስ ጠርተው አውድማቸውን ጠበል አስረጩት ሲባል ሰማሁ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ለስንዴያቸው ብዬ ዓመቴን አጣሁ፣ እሳቸው ደግሞ እግሬ የረገጠውን አፈር አስጠመቁት። ከዳይሬክተሩ ይልቅ በእሳቸው ላይ ነው ረጅም ጊዜ የተቀየምኩት፤ ምክንያቱም እሱን ንቄዋለሁ፣ እሳቸውን ግን አከብራቸው ነበር።

ዓመቱን ደገምኩ። አክስቶቼም የሚሉትን አሉ። ትምህርት ክፍሉ በልምምዱ ፈንታ የራሴን አጭር ፊልም ሠርቼ እንዳቀርብ ፈቀደልኝ፤ ካለፈ አለፍኩ፣ ከወደቀ ወደቅሁ። ምን እንደምቀርጽ አንድ ሌሊት እንኳ አላሰብኩበትም። የማበጠሪያው ወራት ሲደርስ፣ በጸጥታው ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት የከረመው መንገድ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቄ፣ ካሜራ ተውሼ ብቻዬን ወደ እኚያው አዛውንት ሄድኩ።

ገና ከሩቅ አወቁኝ። ሰላምታ ሰጡኝ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ፣ ጠላ አስቀዱልኝ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ አንዴ ብቻ እንደምቀርጽ፣ ቢበላሽ የእኔ ኪሳራ መሆኑን፣ ድገሙልኝ የሚል ቃል ከአፌ እንደማይወጣ። በዚህ ተስማሙ። ካሜራው ግን ከመሐል መሆን እንዳለበት ስነግራቸው ራሳቸውን ወዘወዙ። ሴት እንደማትገባ፣ ከልጆቻቸው አንዱ ገብቶ ሊያነሳልኝ እንደሚችል ነገሩኝ።

«ፊልሙ የእኔ ነው፤ ሰው አያነሳልኝም» አልኩ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎትና በእውነት ይመልሱልኝ። አምና ገብቻለሁ። ምርቱ ጎደለ?»

ልጆቻቸው ቀና ብለው አባታቸውን አዩ። እሳቸው ፊታቸው የተከመረውን ስንዴ ያዩ ነበር። ምን እያደረግሁ እንደነበር አውቀዋለሁ፤ ገለባ ሊመልስበት እምቢ ያለ ሰው እህሉ ፊት ቆሞ አይዋሽም። ሰማዩን አዩ፣ ዛፉን አዩ።

«አልጎደለም» አሉ።

«እንግዲያው እገባለሁ።»

እሺም እምቢም አላሉኝም። ነፋሱ መጥቶ ነበር። መንሻቸውን አነሱና አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብለው መግቢያ ለቀቁልኝ፤ ካሜራዬን ይዤ ገባሁ።