ከቁጥር የወጣችው ልጄ

ያን ለት ጠዋት ባሚያ እየከተፍኩ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ባሚያ ይበዛል፤ ቀጫጭን አድርገሽ ከትፈሽ በፀሐይ ካላሰጣሽው ይሻግታል። ከጎረቤቴ ጋር እደጃፌ ሰሌን አንጥፈን ተቀምጠናል። እሷ የዚሁ አገር ሰው ናት፣ በርታ ከሚባሉት። አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመደችው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትል። እኛ ደግሞ ከወሎ በሰፈራ የመጣን ነን። መጀመሪያ ስንመጣ ባሚያ ሲዝለገለግ አይተን እንሸሽ ነበር፤ እሷ ይችን አትረሳም።

«ያኔ እኔ ባሚያ ሰጠሁ፣ አንተ ‹ይሄ ንፍጥ ነው› ብለህ ደፋህ» ትለኛለች። «ዛሬ ከኔ ማሳ ለቅመህ ጨረስክ።»

«አንቺ ነሻ ያስለመድሽኝ።»

«ባሚያ አስለመድኩ። ድስት ስጦታ አላልኩም። ድስቴን መልስ።»

እንዲህ እየተባባልን ሳለ ነጭ መኪና መጥቶ ከመንገዱ ዳር ቆመ። የወረደውን ሰው ሳየው አወቅሁት። የሆስፒታሉ ዶክተር ነው። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ወደ ባሚያው አጎነበስኩ። እሱ እንኳ ለእኔ አልነበረም የመጣ። ከመንደራችን ዳር አንዲት ሴት ነበረች፣ እሷም ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ሆዷን ኦፕራሲዮን የሆነች፤ ቁስሏ እንደገና ተከፈተ ቢሉት እሷን ሊያይ ነው። ሲያልፍ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፣ ቆመ።

«እናቴ» አለኝ፤ «እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ቤቴ ነው» አልኩት።

«ከገበያው በላይ ነው አላሉኝም? ሦስት ጊዜ እየሄድኩ ቤት ለቤት ጠየቅኩ እኮ። ልጅዎ እንዴት ሆነች?»

«ሞታለች» አልኩት።

እንግዲህ ልጄ፣ ይኼን የምትጽፊው አንቺ፣ የምነግርሽ ስለ እናትሽ ነው። ሆዷ ተቀዶ የወጣሽውም አንቺው ነሽ። ካስለቀሰሽ እርሳሱን አስቀምጪና ቆይተሽ ቀጥይ። እኔ ግን ካቋረጥኩት መልሼ አልጀምረውም።

ከዚያ በፊት የሆነው እንዲህ ነው። ደርግ ወድቆ ይኼ አገር ክልል ስድስት የተባለ ጊዜ ነው። አዲስ ጽሕፈት ቤት፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ሰው። በየስብሰባው የክልሉ ባለቤት ማን ነው፣ መጤው ማን ነው የሚል ነገር ይነሳል። እውነቱን ልናገር፣ እኛን ፊት ለፊት ውጡ ያለን የለም። ወሬው ግን ነበር። ሰፋሪ ሊመዘገብ ነው፣ ከተመዘገበ በኋላ መኪና ይመጣል ይባላል። ከወሎም ስንመጣ እንደዚያው ነበር የሆነ። አንዱ ወረቀት ይዞ መጣ፣ ስሜን ጠየቀኝ፣ ጻፈ፤ ከዚያ መኪና ላይ ተጫንኩ። ቤቴን ዳግመኛ አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ይዞ የሚጠይቅ ሰው ሳይ በጓሮ ወጥቼ እጠፋለሁ።

እናትሽ ሁለት ቀን አምጣ አልሆነላትም። ሆስፒታል ወሰድናት፣ ሆዷን ቀደው አንቺን አወጡሽ። በማግስቱ ይኼ ዶክተር መጣ። ልጅ ነው ገና፣ ከአዲስ አበባ ለትምህርቱ የመጣ። ረጋ ያለ ነው፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚያናግር። ሰው ኦፕራሲዮን ከሆነ በኋላ የማን ቁስል እንደሚያመረቅዝ፣ ለምን እንደሚያመረቅዝ አጠናለሁ አለኝ።

«ሠላሳ ቀን እንከታተላታለን» አለ። «በአሥረኛው ቀን፣ በሃያኛው፣ በሠላሳኛው ቤታችሁ ሰው ይመጣል። መግል ካየን በኛ መኪና እንመልሳታለን፣ መድኃኒቱም በኛ ነው።»

ደስ አለኝ። መረቅኩት። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና ጠየቀኝ። ዕድሜዋ? ስንተኛ ልጇ ነው? ምጡ ስንት ቀን ቆየ? ሁሉንም መለስኩ።

«ብሔር?» አለኝ።

ቁስል ከብሔር ጋር ምን አገናኘው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። አማራ ነን ብል፣ ከየት መጣችሁ ይላል፤ ከወሎ ብል፣ ሰፋሪ ብሎ ይጽፋል፤ መንደሬን ብነግረው፣ መኪናው የት እንደሚመጣ ያውቃል። እኔ ያን ጊዜ የታየኝ ይኼ ብቻ ነው። ለማየት የሚመጣው መኪናና ለመውሰድ የሚመጣው መኪና ልቤ ውስጥ አንድ ሆኑብኝ።

«ኦሮሞ ነን፣ ከባምባሲ» አልኩት፣ የዚሁ አገር ሰው እንድመስለው።

«አሁን የምትኖሩት?»

«እዚሁ ከተማ፣ ከገበያው በላይ።»

እዚያ የማውቀው አንድ ሰው እንኳ የለኝም። ጻፈው። እናትሽ የሕመም ማስታገሻ ተወግታ ተኝታ ነበር፣ አልሰማችም። ብትሰማ ኖሮ «እማ ምን እያልሽ ነው?» ትለኝ ነበር። እሷ ደፋር ነበረች፣ በእኔ አልወጣችም። ስንወጣ ነርሷ ለእናትሽ ነገረቻት፦ «አይዞሽ፣ የሚያይሽ ሰው ቤትሽ ድረስ ይመጣል።» እሷም ያን ይዛ ቤቷ ገባች።

አንድ ሳምንት ደህና ነበረች። ታጠባሻለች፣ ትስቃለች። ከዚያ የቁስሉ ጠርዝ ቀላ። በዘጠነኛው ቀን ሸተተኝ። በጨው ውኃ አጠብኩት። ሰውነቷ እሳት ሆኗል።

«ነገ አሥረኛው ቀን ነው አይደል እማ? ነገ ይመጣሉ» አለችኝ።

«ይመጣሉ» አልኳት።

በአሥረኛው ቀን ፊቷን ወደ በሩ አዙሩኝ አለች። ከመንገዱ የመኪና ድምፅ ሲሰማ «መጡ» ትላለች። መኪናው ያልፋል። ትንሽ ቆይታ «ምነው ቀሩ?» ትለኛለች።

«ዝናቡ ነው። መንገዱን ጭቃ ቆርጦት ይሆናል።»

«ነገ ይመጡ ይሆናል።»

«አዎ፣ ነገ።»

እኔ እንደማይመጡ አውቃለሁ። ያለችበትን የሚያውቅ ሰው የለም፤ አይመጡም። ብነግራት ምን ታደርጋለች? ተነስታ መሄድ አትችል። እኔስ ለምን ወዲያው አልወሰድኳትም? ይኼን ነው የምትጠይቂኝ፣ ሌላም ሰው ይጠይቀኛል። ብወስዳት ያ ወረቀት ይወጣል፣ ዋሽተሻል፣ ሰፋሪ ነሽ ይሉኛል፣ ሳያክሟት ይመልሱናል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። አባትሽ ወርቅ ሊያጥብ ወደ ወንዝ ወርዶ ነበር፣ የምልክበት ሰው አላገኘሁም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዝንብ እከላከላለሁ። ሁለት ቀን እንዲያ ሆኜ አሳለፍኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጎረቤቴ ለአራስ ገንፎ ይዛ መጣች። ገና ከበሩ ሽታው መታት። ገንፎውን አስቀመጠች፣ ልብሱን ገለጠች፣ አየች።

«ይሄ ሰው እየሞተ ነው። አንተ ጨው ታጥባለህ?» አለችኝ።

መልስ አልጠበቀችም። ወጥታ ወንድሞቿን ጠራች። ከአጥራቸው ቀርከሃ ነቅለው ቃሬዛ ሠሩ። አራት ሆነው እየተቀያየሩ ተሸከሟት፣ እኔ አንቺን አዝዬ ከኋላ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። እናትሽ መንገድ ላይ አንዴ ብቻ ተናገረች፤ «መኪናው ቢያገኘን ጥሩ ነበር» አለች።

ሆስፒታል ስንደርስ ካርድ አምጡ አሉ። ካርዱን ሆን ብዬ ቤት ትቼው ነበር። እንደ አዲስ ጻፏት፤ ከዶክተሩ ወረቀት ጋር ያገናኛት የለም። ዶክተሩ የት ነው ብል፣ ኦፕራሲዮን የሆኑትን በየቤታቸው ሊያይ ወጥቷል አሉኝ። ጉሉኮስ ተከሉላት፣ መርፌ ወጓት። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አረፈች።

ከዚያ ዓመት አለፈ። እና ያን ጠዋት ዶክተሩ ሞታለች ስለው ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ መጥቶ ሰሌኑ ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። አንቺ ባሚያውን በእጅሽ ታቦኪ ነበር።

«ይቺ ናት?» አለ።

«ይቺው ናት።»

ለምን አድራሻዋን እንዲያ አደረጉት ብሎ ጠየቀኝ። ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተነፈስኩትን ሁሉ ነገርኩት። ጎረቤቴም የዚያን ለት ነው የሰማች፤ መክተፏን አላቆመችም፣ ቀና ብላም አላየችኝ።

ስጨርስ ዶክተሩ መሬት መሬት እያየ፦ «እናቴ፣ ያ ‹ብሔር› የሚለው መስመር ለጥናቱ አያስፈልግም ነበር» አለኝ። «ከሌላ ቅጽ ስንገለብጥ አብሮ የመጣ ነው። ይውጣ ያለ ሰው አልነበረም።»

ምን እላለሁ? ያችኛዋ፣ ያን ለት ሊያያት የመጣው የመንደራችን ሴት፣ እውነቱን ነበር የተናገረች። አማራ ነኝ፣ ሰፋሪ ነኝ፣ መንደሬ ይኼ ነው ብላ። በአሥረኛውም በሃያኛውም ቀን መኪና እደጇ መጥቷል፤ የወሰዳት የለም። እኔ ከቤቴ ሆኜ ሲያልፍ አየው ነበር።

ከቦርሳው ወረቀት አወጣ፣ በመስመር በመስመር የተከፈለ። ጥናቱ አልቆ ተጽፏል፣ ሐኪሞች ለሚያነቡት መጽሔት ተልኳል አለ።

«ልጄ የቷ ጋ ናት?» አልኩት።

«ስም የለበትም፣ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ቁስላቸው የዳነ። እዚህ ቁስላቸው ያመረቀዘ። ይኼኛው የሞቱት።»

«እሷ ከሞቱት ናት እንግዲህ።»

«አይደለችም። እሷ ፈልገን ካላገኘናቸው ናት። እነሱን ከቁጥር አውጥተናቸዋል።»

«ኦፕራሲዮኑን የሠራችሁላት እናንተ፣ እዚሁ የሞተች። እንዴት አልነበረችም ትሉኛላችሁ?»

«አልነበረችም አላልንም፣ እናቴ። የሆነችውን አናውቅም ነው ያልን።» ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ያላገኘናቸው ብዙ ናቸው። ከተማውን የለቀቁ ነበር የመሰለኝ። እንደ እርስዎ የፈሩ ከሆኑ ይኼ ጽሑፍ የሚያመረቅዘውን አሳንሶ ነው የሚናገር።»

ቀጥሎ ያለኝን ደህና አድርገሽ ጻፊ። ገና አልታተመም አለኝ። ዛሬ ቃልሽን ከሰጠሽ ለመምህሬ እጽፋለሁ፣ ልጅሽ ከሞቱት ትገባለች፣ ሌሎቹንም በየሰፈራ መንደሩ እንዲፈለጉ አደርጋለሁ አለ። በእርስዎ ነው ያለኝ እንጂ፣ በአንቺ አላለኝም፤ አክብሮኛል።

«ለእሷ ምን ያደርግላታል?» አልኩት።

«ለእሷ ምንም። ከእሷ ኋላ እዚያ አልጋ ላይ ለምትተኛዋ ሴት ግን ያደርጋል።»

እሺ አልኩ። ከልቤ ነው እሺ ያልኩ። ሌላ ወረቀት አወጣ፣ የፈቃድ ወረቀት ነው፣ አነበበልኝ። የቀለሟን ቆርቆሮ ከፍቶ አውራ ጣቴን ነከረልኝ። በዚህ መሐል መኪናውን ያዩ ሰዎች ተሰብስበዋል፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

«ብሔር የሚለው አለበት?» አልኩት።

«አለበት። ግን ባዶውን እንተወዋለን።»

«ባዶውን ሌላ ሰው አይሞላውም?»

እውነተኛ ሰው ነውና አይሞላውም ብሎ አልማለልኝም። ጣቴ ቀለም እያንጠባጠበ ከወረቀቱ በላይ ቆየ። ላሳርፈው እፈልጋለሁ፣ አያርፍም። የእናትሽ ፊት ወደ በሩ ዞሮ እየታየኝ እንኳ ጣቴ አላረፈም። አንቺን አየሁሽ፣ ሊቀመንበሩን አየሁት።

«ሌላ ቀን» አልኩት።

«ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ሌላ ቀን።»

አልተቆጣም። ቆርቆሮዋን ከደነ፣ ወረቀቱን አጠፈ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተሰናበተኝ። መኪናው ሄደ፣ ሰውም ተበተነ። ዳግመኛ አላየሁትም። ጽሑፉ ታትሞ ይሆናል። አሁን በስልክሽ እፈልገዋለሁ ትይኛለሽ፤ ብታገኚውም እናትሽ እዚያ የለችም። እኔ ነኝ ሁለት ጊዜ ያስወጣኋት።

ጣቴን በቀሚሴ ጠረግኩና ወደ ባሚያው ተመለስኩ። ጎረቤቴ የሷን ድርሻ ከትፋ ጨረሰች፣ ከእኔ ፊት አንሥታ መከተፍ ጀመረች።

«ያ ኡኽቲ» አለችኝ በኋላ፤ በዓረብኛ እህቴ ማለቷ ነው። «ያን ጊዜ ዶክተር ቤትህ የት ነው ሲል፣ ለምን የኔን ቤት አልተናገርክም? የኔን ቤት ይሄ አገር ሁሉ ያውቃል። አንተን ከኔ ቤት ማን ያወጣል?»