የላንቴ ኩሬና የዱቡሻው ሣር

የግብርና ቢሮው ኃላፊ የመክፈቻ ንግግሩን ጨርሶ ሲወጣ እኔ ጥናቴን ለማቅረብ እነሣለሁ። ዓመታት የኖርነው እንዲህ ነው። በአርባ ምንጭ ላይኛው ክፍል፣ ሴቻ ላይ፣ ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል ከሚያሳይ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃና አዲስ እስክሪብቶ ይደረደራል፤ ከፊት «የተመራማሪዎችና የፖሊሲ አውጪዎች የምክክር መድረክ» የሚል ባነር ይሰቀላል። ኃላፊው ስለ ዓሣ እርባታ ወሳኝነት ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል፣ «አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ይቅርታ ይጠይቅና መኪናው ውስጥ ይገባል። ከዚያ እኛ ተመራማሪዎቹ እርስ በርሳችን እንመካከራለን። እኔ የማውቀውን ባልደረባዬ ያውቀዋል፣ እሱ የሚያውቀውን እኔ አውቀዋለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው ይኼው ነው። ከመድረኩ ይዤ የምወጣው እስክሪብቶውን ነበር፤ እሱም ቶሎ ያልቃል።

እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ። ዓሣ በልቼ አድጌ፣ ስለ ዓሣ ተምሬ፣ ስለ ዓሣ ላስተምር አርባ ምንጭ መጣሁ። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ አልዋሹም። ግን የዚያን ዓመት ቁጣዬ ከሌላው ጊዜ ይለይ ነበር፤ ምክንያቱም አንዲት ልጅ ነበረችበት።

ልጅቷ ያስተማርኳት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የላንቴ ቀበሌ ልጅ ናት። ተመርቃ ረጅም ጊዜ በከተማው ታችኛው ክፍል፣ ሲቀላ ውስጥ ከአንድ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው ስትዞር ከረመች። በመጨረሻ ቢሮዬ መጣችና «ቲቸር፣ ማመልከቻ ማስገባት ሰለቸኝ፤ ለምን ዓሣ አላረባም?» አለችኝ። ደስ አለኝ። አባቷ ሙዝ ከሚያበቅሉበት መሬት ጥግ ቆርሰው ሰጧት፣ ከወንድሞቿ ጋር ኩሬ ቆፈረች። የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶቹን በትልቅ ፕላስቲክ ከረጢት ከነውሃቸው አድርጌ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌ ያደረስኩላት እኔ ነኝ። ባጃጁ በጎረበጠ ቁጥር ሹፌሩን ስቆጣ፣ «እመቤት፣ ሕፃን ነው እንዴ የያዝሽው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

በጋው ሲገፋ ችግር መጣ። የላንቴ ማሳ የሚጠጣው ከሐሬ ወንዝ በቦይ የሚመጣውን ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ በተራ ነው። የተራው ደንብ ሙዝ ይላል፣ በቆሎ ይላል፣ ማንጎ ይላል፤ ዓሣ አይልም። ስለዚህ የውሃ ኮሚቴው «ለኩሬ ተራ የለንም» አለ። ወንዙ ሞላ ብሎ ሳለ ማንም ልብ አላለውም ነበር፤ ሲሳሳ ግን ቦዩ በኩሬው በኩል ተዘጋ። ውሃው ከቀን ወደ ቀን ዝቅ አለ። ጠዋት ጠዋት ስሄድ ዓሦቹ ብቅ ብለው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ሲለምኑ አያለሁ።

«ልጄ ተማረ፣ ተመረቀ፣ መጥቶ ጉድጓድ ቆፈረ» አሉኝ አባቷ። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው፤ በእሳቸው አማርኛ ሴቱም ወንዱም አንድ ነው፣ እኔንም «አንተ» ነው የሚሉኝ። ግድግዳ ላይ ያስደገፉትን ዶማ አሳዩኝ። «በልግ ሳይዘንብ ውሃ ካልመጣ እደፍናለሁ። ሙዝ እተክላለሁ። አንተም አትቀየም።»

ልጅቷ አባቷን አልተከራከረችም። መንገድ ድረስ ስትሸኘኝ ብቻ «ይኼ ከተደፈነ እዚህ አልቀመጥም ቲቸር፤ ዐረብ አገር እሄዳለሁ፤ ፓስፖርት አውጥቻለሁ» አለችኝ። ይኼን ስትል ድምጿ ውስጥ ልቅሶ አልነበረም፤ አንጀቴን የበላኝም እሱ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ዓሣ እርባታ ተስፋ የነገርኳት እኔ አይደለሁም?

በማግሥቱ የኃላፊውን ቢሮ በር አንኳኳሁ፤ ደበደብኩ ቢባልም ያስኬዳል። ሰውዬው የጋሞ ደገኛ፣ የገረሴ ልጅ ነው፣ ክራቫቱ የማይላላ፣ አነጋገሩ የአዲስ አበባ ቢሮ የለመደ።

«ዶክተር፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋን?» አለ።

«ዓሣ እርባታ ግብርና ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው እንጂ! በየመድረኩ የምናገረው ምን ሆነና?»

«ታዲያ የውሃ ተራ ለምን የለውም?»

የልጅቷን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማና «ጥናት አላችሁ?» አለ።

«ሞልቷል! በየዓመቱ እንሰጣችሁ የለም እንዴ?»

«ትሰጡናላችሁ፣ እኛም እናመሰግናለን» ብሎ ፈገግ አለ። ወዲያው ግን ፈገግታው ጠፋ። «እውነቱን ልንገርዎት? እኔ ዛሬ ለኩሬው ውሃ ይሰጥ ብዬ ብፈርም፣ ነገ ጎረቤቱ ቦዩን በጭቃ ይደፍነዋል። ፊርማ ውሃ አይገፋም። ገበሬዎቹን አነጋግራችኋል?»

«እናንተስ?» አልኩት።

«እኛም አላነጋገርንም» አለ። በዚያን ሁሉ ዓመት ያደረግነው የመጀመሪያው ምክክር ይኼ ይመስለኛል።

ቀጥሎ «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አዳራሽ ውስጥ አያልቅም፤ ዱቡሻ ላይ ነው የሚያልቀው» አለኝ። ዱቡሻ ጋሞዎች ሣር ላይ ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት አደባባይ ነው። ለሰላምም ለጥልም፣ ለመሬትም ለውሃም እዚያ ይወጣል፤ ነገሩ እልባት ሳያገኝ አይበተንም።

«እርስዎስ፣ ከመክፈቻው በኋላ አይወጡም?» አልኩት።

ሣቀ። «ዱቡሻ ላይ አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ ብል፣ እናቴ ገረሴ ሆና ትሰማለች።»

የላንቴ ዱቡሻ የሚቀመጥበት ቀን ደረሰ። ከትልቅ ሾላ ሥር ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ይዘው በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። ለወትሮው የወንዶች መሰብሰቢያ ቢሆንም ለእኔና ለልጅቷ ከዳር ቦታ ተሰጠን፤ የሚባለውን እያንሾካሾከች ትተረጉምልኛለች። መጀመሪያ ምርቃት ሆነ። ምድሩ ተመረቀ፣ ከብቱ ተመረቀ፣ ወንዙ ተመረቀ፣ እንግዳ ተመረቀ። እኔ በሆዴ «ዓሦቹ እያለቁ ነው እኮ» እላለሁ። ቀጥሎ አንድ ሰው ይነሣል፣ ይናገራል፣ ይቀመጣል፤ ሌላው ይነሣል። ማንም የማንንም ቃል አያቋርጥም። ለእኔ ዓይነቷ ይኼ ከጾም ይከብዳል።

ከኩሬው በታች ያለው የሙዝ ማሳ ባለቤት ተነሣ። «ዓሣ ውሃውን ይዞ ያስቀራል። ከእኔ በላይ ኩሬ ካለ፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ምንድን ነው?» አለ። ብዙ ራሶች ተነቀነቁ። እኔም ተራዬ ሲደርስ የኩሬ ውሃ እንደማይጠፋ፣ ወጥቶ ማሳ እንደሚያጠጣ፣ የዓሣው እዳሪ ለተክል ማዳበሪያ እንደሚሆን ተናገርኩ። በጨዋነት ሰሙኝ። ራስ የነቀነቀ ግን አልነበረም።

ፀሐይዋ በረታች። ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ ተነሣ፣ ክራቫቱን አስተካከለ። «እንግዲህ ጊዜ ለመቆጠብ ያህል፣ ኩሬው ውሃ ያግኝ የምትሉ እጅ አውጡ!» አለ።

አንድም እጅ አልወጣም። እሱ ራሱ፣ በዱቡሻ ያደገው የገረሴ ልጅ፣ ምን እንዳለ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሁሉም የሸመገሉት አባት ግን አልተቆጡም።

«ልጄ» አሉት፣ «እጅ ያወጣውና ያላወጣው ነገ ከአንድ ቦይ እንዴት ይጠጣሉ? ቢሮ ሲቀመጡ ይረሳል። ና ተቀመጥ።»

ሰው ሁሉ ሣቀ፤ በመጨረሻም እሱ ሣቀ። ከፊት ለፊት ወንበር ተቀምጦለት ነበር፤ ወደ ወንበሩ አልተመለሰም። ከነተተኮሰ ሱሪው ሣሩ ላይ፣ ከባለ ሙዙ አጠገብ ዘጭ አለ። ከዚያ ተነሥቶ ሌላ ንግግር ያደርጋል ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀኝ።

«ዶክተር፣ ከኩሬው የሚወጣው ውሃ ሙዝ ላይ ተሞክሯል? እዚህ፣ በእኛ አፈር?»

ያን ሁሉ ዓመት ስንተዋወቅ መልሱን ለመስማት ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ቢሆን ኖሮ «በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ብዬ እጀምር ነበር። ሣር ላይ ግን እንዲህ ያለው ንግግር አፍ አይሞላም።

«እዚህ አልተሞከረም፤ ይሠራል ብዬ አምናለሁ፣ ግን በእናንተ ሙዝ ላይ አላየሁትም» አልኩ።

ፈርቼ ነበር። ባለ ሙዙ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዐይኔን አየኝ። ኃላፊውም «እኔም ደንቡ ውስጥ ዓሣ የሚል ቃል ለምን እንደሌለ አላውቅም። ማንም ስላልጠየቀ ይሆናል» አለ። የሁለታችን አለማወቅ መሐል ላይ ሲቀመጥ ነገሩ ቀለል አለ። ወደ ማታ ሲል ያለ አንድ እጅ ማውጣት ስምምነት ተደረሰ፦ ውሃው መጀመሪያ ኩሬው ይግባ፣ ከኩሬው ወጥቶ ወደ ባለ ሙዙ ማሳ ይውረድ። እኔና ኃላፊው አብረን እየመጣን እንይ። ሙዙ ከተጎዳ ኩሬው ይዘጋል፤ ካልተጎዳ ደንቡ ይሻሻላል። ሽማግሌዎቹ እንደገና መረቁ። በዚህኛው ምርቃት እኔም ከልቤ «አሜን» አልኩ።

ውሃው ሲገባ ልጅቷ ቦዩ አፍ ላይ ቆማ ነበር። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረችው። እኔ ዘወር ብዬ አለቀስኩ፤ ደግነቱ ማንም አላየኝም።

ከዚያ በኋላ ኃላፊው በሰጠው ቃል መሠረት ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ መኪና ውስጥ ሆኖ በመስኮት ነበር የሚያየው፤ ቀስ በቀስ ቦት ጫማ ገዛ። ሁለታችን እንከራከራለን፤ እሱ «ይኼ ለሌላው ቀበሌ እንዴት ይሆናል?» ሲል እኔ «ቆይ መጀመሪያ ይኼኛውን እንይ!» እላለሁ፤ እሱ በእኔ ችኩልነት ይሥቃል፣ እኔ በእሱ ክራቫት። የማላውቀውን ይጠይቀኛል፣ ሄጄ አየዋለሁ። ዓሦቹ ወፈሩ። ሙዙም አልተጎዳም፤ ባለቤቱ አሁንም ጥርጣሬ አልለቀቀውም፣ ግን ውሃው በዘገየ ቀን «ዓሣዋ የዛሬውን ውሃ የት አደረሰችው?» እያለ በአጥር በኩል ይጣራል። ደንቡ ግን ገና አልተሻሻለም ነበር፤ በልግም እየቀረበ ነበር።

አንድ ጠዋት ደመናው ከብዶ፣ አየሩ የዝናብ ሽታ ይዞ ላንቴ ደረስኩ። ከሩቅ የአባትየውን ዶማ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ፤ ቆመው የሚቆፍሩት ኩሬው ጥግ ላይ ነው። ከኃላፊው ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር፤ ስልኩን እንደያዝኩት እየሮጥኩ «አባባ! አባባ፣ እባክዎ አይድፈኑት! ውሃው መጥቷል እኮ!» ብዬ ጮኽሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። ላባቸውን ጠረጉ። ከኋላቸው ኩሬው እንዳለ ነው፣ ሙሉ ነው፤ አፈሩ የሚወጣው ከጎኑ ካለው አዲስ ጉድጓድ ነው። ልጅቷ ውስጥ ገብታ አፈር ትዝቃለች፤ እኔን ስታይ ሣቋ መጣ።

«ሁለተኛ ነው» አሉኝ አባቷ። «አንተ ደግሞ ዝም በል፤ ዓሣ ይደነግጣል።»

እርጥቡ አፈር ላይ ቁጭ አልኩ። ከስልኩ ውስጥ ኃላፊው «ምንድን ነው? ተደፈነ እንዴ? ዶክተር!» እያለ ይጣራል። ሁለተኛ ኩሬ እየተቆፈረ መሆኑን ነገርኩት። እንኳን ደስ አላችሁ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጥናት አስገቡ ይለኛል ብዬም ፈራሁ።

«ውሃው በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለኝ። «መጥቼ ሳላይ እንዳትወስኑ። ቆዩኝ።»

ዝናቡ ከመድረሱ በፊት ሦስታችን አዲሱ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን ኃላፊውን ጠበቅነው።