የእትዬ ስንዱ ሐረግ

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ኮልፌ፣ እትዬ ስንዱ ከምትባል ሴት ግቢ፣ ተከራይተን በአንዲት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር። ያኔ አንቱ ነበር የምላት። ዛሬ አልልም። ሞታለችና አትቀየመኝም፤ ብትቀየመኝም ግድ የለኝም።

አባቴ ከከፋ ኮረሪማና ማር እያስመጣ ይሸጥ ስለነበር ቤታችን ገና ከበሩ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸት ነበር። ብርድ ልብሳችን፣ የትምህርት ቤት ደብተሬ፣ የእናቴ ነጠላ ሳይቀር ይሸታል። አሁንም የሆነ ቦታ ያ ሽታ ሲያውደኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ደስታ ነው፤ ንዴቱ የሚመጣው ከኋላው ነው።

ግቢው መሃል ትልቅ የእንጨት ዳስ ነበር። በላዩ ላይ የተጠመጠመው ሐረግ ዛሬ ኪዊ የሚሉትን ፍሬ የሚሰጥ ነው፤ ያኔ ግን በሰፈሩ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ ስንዱ ዕድሜዋን ሙሉ ያገለገለቻቸው ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲገቡ አንዱ ወንድ አንዱ ሴት ነው ብለው ሁለት ችግኝ ሰጥተዋት ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ልፋት የተረፋት እሱ ብቻ ነበር። ሐረጉ አድጎ ዳሱን አለበሰው። ከሥራቸው እንደ ሕፃን ጉንጭ የሚለሰልሱት ሰፋፊ ቅጠሎች እስከ መሬት ስለወረዱ፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው በአጥሩ ክፍተት ቢያጮልቅ ከአረንጓዴ በቀር የሚያየው አልነበረም። ፍሬ ግን የለም፤ አበባም የለም። ጎረቤቶቿ ወንድና ሴቱ ተኳርፈው ይሆናል እያሉ ይስቁባት ነበር፤ እሷም ከዓመት ዓመት ፊቷ ይበልጥ ይከፋ ነበር።

እኛ የምንፈልገው ቅጠሉን ነበር። ወላጆቼ ጴንጤዎች ናቸው፤ በንጉሡ መጨረሻ ዘመን ደግሞ ጴንጤ ተሰብስቦ ሲጸልይ ከተያዘ ይታሰር ነበር። እሁድ ከሰዓት አማኞቹ ከሳንሱሲ ድረስ በእግራቸው እየመጡ አንድ በአንድ ይገባሉ። ክፍላችን ስለማትበቃ ዳሱ ሥር ሰሌን ተነጥፎላቸው ይቀመጣሉ፤ መዝሙሩንም በሹክሹክታ ይዘምሩታል። እኛ ልጆች በሩ ላይ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። ሥራችን ፀጉረ ልውጥ ሲመጣ መጣላት ነበር። መስመር ረግጠሻል፣ አልረገጥኩም እየተባባልን ስንጯጯህ ከዳሱ ሥር ያለው ዝማሬ ቀጥ ይላል፤ ሰውየውም የማናችን ጥፋት እንደሆነ እየገመተ ያልፋል። እንደዚያ የሚያስደስት ጠብ ከዚያ ወዲህ ተጣልቼ አላውቅም።

አንድ ኅዳር፣ ግብርና የተማረ የእትዬ ስንዱ እህት ልጅ ሊጠይቃት መጣና ሐረጉን ዞር ዞር ብሎ አየው። ይህ ተክል የብርድ አገር ተክል ነው፤ ክረምቱ ሲበርድበት ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል፣ ካላረፈ ደግሞ አያብብም አላት። ብርዱ ለስለስ ባለበት አገር ቅጠሉን በእጅ መልቀም ነው፤ ያን ጊዜ ክረምት የመጣ ይመስለዋል። እትዬ ስንዱ በዚያው ማታ አባቴን ጠርታ ቅዳሜ ቅጠሉን እንዲለቅምላት ነገረችው።

አባቴ ለመናት። ሌላ ቦታ እስክንፈልግ ትንሽ ይታገሡን አላት። ከዳሱ ሥር ማን እንደሚቀመጥ ታውቃለች፤ ለዓመታት በመስኮቷ ስታየን ኖራለች።

"ለእናንተ መደበቂያ ብዬ አልተከልኩትም" አለችው። "ወይ ቅጠሉን ታወርዳለህ፣ ወይ ቤቴን ትለቃለህ።"

አባቴ ቅዳሜ ዳሱ ላይ ወጣ። ቅጠሉን በገዛ እጁ እየመለመለ ሲጥለው እኔና እናቴ ከሥር እየሰበሰብን ከመርነው። ሲመሽ ከዳሱ ላይ የቀረው እንደ ተበጣጠሰ ገመድ የተንጠለጠለ እንጨት ብቻ ነበር። ከሰሌኑ ላይ ሆኖ መንገዱ ይታያል፤ ከመንገዱም ሰሌኑ። እናቴ ነገ ይቅርባችሁ አለችው። ሰዎቹ ከሳንሱሲ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው እንዴት ከበር ልመልሳቸው ብሎ እምቢ አለ።

በማግስቱ ፖሊሶች ሲመጡ እኛ ልጆች በሩ ላይ ተጣላን። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ውስጥ ያሉት ዝም አሉ፤ ግን ዝምታው ምን ያደርጋል፣ ሁሉም ተደርድረው ቁጭ ብለው ይታያሉ። ፖሊሶቹ ሰኞ ማክሰኞአችንን ረግጠው ገቡና አባቴንና ወንዶቹን እየነዱ ወሰዷቸው። ስንዱ ጠቁማ ነው የሚሉ ነበሩ። እኔ አልልም። መጠቆም አላስፈለጋትም።

አባቴ የተፈታው ለፋሲካ ነው፤ ራሱን ተላጭቶ፣ እያሳለ። ሐረጉ ያን ጊዜ በነጭ አበባ ተሸፍኖ ነበር። ጥቅምት ላይ ጠጉራሙ ፍሬ ደረሰ፤ እትዬ ስንዱም በሳህን ይዛ በራችን ላይ ቆመች።

"አየሽ አስቴር፣ ቅጠሉ ነበር ያስቸገረው" አለቻት እናቴን።

እናቴ በሁለት እጇ ተቀብላ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ፍሬው ገና ያልበሰለ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ኮምጣጣ ነበር። አባቴ አንዱን ልጦ እስከ መጨረሻው በላና ጥሩ ነው አለ። እኔ የእኔን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ኅዳር ሲመጣም እንደገና ጠራችው፤ እንደገና ወጥቶ ለቀመላት። ይቅር ብያታለሁ አለን። ይቅርታው የእሱ ነው፤ እኔ አላዋጣሁበትም፣ ዛሬም አላዋጣም።

አሁን ዓለም ባንክ ሰፈር የራሴ ግቢ አለኝ፤ ከኋላ ያሉትን ክፍሎች ለወጣት ባልና ሚስት አከራይቻለሁ። ጴንጤዎች ናቸው። እሁድ እሁድ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ጊታርና ድምፅ ማጉያ አውጥተው ግቢው እስኪናወጥ ይዘምራሉ። ሰፈሩ ውስጥ የሚደበቅ የለም፤ የሚጠብቅ ልጅም በር ላይ የለም። እውነት ለመናገር መዝሙራቸው ራሴን ያመኛል፤ የዚያን ጊዜውን ዜማ አይደርስበትም። ባለፈው ልጅቷ መጥታ "እማማ፣ እየረበሽንዎት ከሆነ ድምፁን እንቀንሰው?" አለችኝ። ቀንሱ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

"ጨምሩት" አልኳት።