ድንኳን አይቼ የገዛሁት ቤት

ሐይቅ ከተማ ቤት ልገዛ ስወርድ ደላላው ገና በመጀመሪያው ቀን «ፋዘር» አለኝ። አባትህ አይደለሁም አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ ያንን ሰውዬ አልወደውም፤ እሱም አይወደኝም። ይህንን ሁለታችንም ደብቀን አናውቅም።

የወረድኩት ለልጄ ብዬ ነው። ልጄ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ አምባሰል ከእኔ ቤት ነበረች። ትልቋ ስምንተኛን ጨረሰች። ከዚያ በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሐይቅ እንጂ እኛ ዘንድ የለም። ልጅቷን ብቻዋን ከተማ ክፍል ተከራይታ ትማር ማለት ደግሞ አይሆንልኝም፤ እንደዚያ ሄደው ምን ሆነው እንደተመለሱ ያየኋቸው አሉ። ስለዚህ መሬቴን አከራየሁ፣ በሬዎቼን ሸጥኩ፣ ባሕር ዛፌን ለአጣና ነጋዴ ሰጠሁ። የተገኘው ብር አንድ ቤት ይገዛል፤ ሁለተኛ አይገዛም። ከተሳሳትኩ ልጅቷ ትምህርቷን ጥላ ትመለሳለች፣ ከተመለሰች የአባቷ ዘመዶች በዓመቱ ይድሯታል። እኔ ግን የምሳሳት ሰው አይመስለኝም ነበር።

ደላላው እኔንና ልጄን መጀመሪያ የወሰደን ሐይቁ ዳር ነው። ቤቱ ከደንገሉ ጥግ ነው፤ ግድግዳው እስከ ጉልበት እርጥብ ነው። አየሩ ብቻ ያጠግባል አለን። ወባውስ? አልኩት። ወባ ድሮ ቀረ አለኝ። ይህን እያለ አንገቱን በጥፊ መታ፤ መዳፉን ሲያነሳ ደም አለበት። ልጄ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ነው።

ሁለተኛው ከገበያው ጀርባ ያለው አሮጌ ሰፈር ነው። እውነቱን ልናገር፣ ገና ከመግቢያው ጠላሁት። ወፍጮው ከጠዋት እስከ ማታ ያጓራል። ዱቄቱ ሰዉ ቅንድብ ላይ ሳይቀር አለ። መንገዱ ባጃጅ አያስገባም፣ ግቢው የጋራ ነው፣ አጥሩ የዛገ ቆርቆሮ። ቆመን ሳናበቃ የወፍጮዋ ባለቤት፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ ወጥታ ከየት እንደመጣን፣ ልጄ ባል እንዳላትና እንደሌላት፣ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ፣ እኔም የፊት ጥርሴን የት እንደጣልኩት ጠየቀችን። ልጄ ሁሉንም መለሰች። እኔ በሆዴ ነገረኛ ሴት አልኩ። በሆዴ ያልኩት መስሎኝ ነበር።

«ነገረኛስ አንተን ይመስላል» ብላኝ ገባች።

ልጄ ይህን ቤት ወደደችው። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ መንገዱም ሰው አይጠፋበትም አለች። ሰው ሳይሆን ጫጫታ ነው አልኳት፤ ወደ ሦስተኛው ሄድን።

ሦስተኛው ከአስፋልቱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ያለው አዲስ ሰፈር ነው። የብሎኬት ቤት፣ የብረት በር፣ ሰፊ መንገድ፣ ጸጥታ። ሰፈሩ አዲስ ስለሆነ ዋጋውም ከሌላው ይቀንሳል። ስንደርስ አንዱ ግቢ በር ላይ ድንኳን ተተክሏል። ለቅሶ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቅሬ መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ቤት ሲቃጠል የሚያጠፋው፣ ኡኡ ሲባል ዱላ ይዞ የሚወጣው ቅሬ ነው። እስላም ክርስቲያን አይልም። ያልወጣ ይቀጣል። ስለዚህ አንድ መንደር ደህና መሆኑን ለማወቅ እኛ ለቅሶውን እናያለን። አባቴ ሚስት ሲያጭልኝ የልጅቷን ቤት ከማየቱ በፊት መንደሯ ለቅሶ ደርሶ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ አይቶ ነው የተመለሰው። ከእሷ ጋር እስክትሞት ድረስ አርባ ዓመት ያህል ኖሬያለሁ፤ አባቴ አልተሳሳተም።

ድንኳኑ ሞልቶ ተርፏል። ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ቄሱ ከሸሁ ጎን፣ ሴቶቹም የሚያለቅሱት በእኛው ዜማ። እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ንፍሮ ዘገኑልኝ። ከየት ነህ ሲሉኝ ከአምባሰል አልኩ። እኛም ከዚያው ነን አሉኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

ወጥቼ ለደላላው ይኸኛውን እገዛለሁ አልኩት። ልጄ እጄን ያዘችኝ።

«አባዬ፣ መጀመሪያ የጎረቤቶቹን በር እናንኳኳ።»

«ለቅሶ ላይ ናቸው፤ ማን ይከፍትልሻል?»

«ልጆቹ የሚመላለሱበትን መንገድስ አየኸው?»

መንገዱ ጎርፍ በቆፈረው ቦረቦር ጠርዝ፣ ግድግዳቸው ቆሞ ጣራ ባልወጣላቸው ቤቶች መሃል ያልፋል። አይቼዋለሁ። ይህን የመሰለ ቅሬ ባለበት ሰፈር መንገዱ ምን ያደርጋል አልኳት። ደላላው ይህን ሁሉ ሲሰማ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የደላላ ዝምታ ያስጠረጥራል፤ እኔ ግን በዚያ ቀን ልጄን ለማሸነፍ ቸኩዬ ነበር።

ውሉ አልቆ ዕቃ ስናስገባ ድንኳኑ የለም። ሐዘንተኛውን ቤት ሰላም ልበል ብዬ ሄድኩ። ዘበኛ ከፈተልኝ። ቤቱ ባዶ ነው። ሟቹ ነጋዴ እንደነበረ፣ ቤቱን ሠርቶ ያን ያህል ሳይኖርበት እንደሞተ፣ ቤተሰቡ ደሴ እንደሆነ ነገረኝ። ያ ሁሉ ሕዝብስ? አልኩት። የትውልድ አገሩ ቅሬ ነው፤ በሁለት አይሱዙ ተጭነው መጥተው በሦስተኛው ቀን ተመለሱ አለኝ። ከሰፈሩስ ማን መጣ? ስለው ራሱን ነቀነቀ። ማንም።

ለልጄ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

በማግስቱ ቅሬ ልመዝገብ ብዬ በር ለበር ዞርኩ። አንዱ እኛ ተከራይ ነን አለኝ። ሌላው የእኛ ቅሬ ደሴ ነው አለኝ። የቅርብ ጎረቤቴ በሩን እንኳ ሳይከፍት፣ በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ምን እንደምሸጥ ጠየቀኝ። ጎረቤት ነኝ ስለው እሺ አለና ቀዳዳዋን ዘጋት።

ትምህርት በተከፈተ በጥቂት ሳምንት ነው። አሥር ሰዓት ገደማ ግቢ ውስጥ ማረሻ የሌለው ሰው እንደሚሆነው ሆኜ ተቀምጫለሁ። ከቦረቦሩ በኩል የልጅቷን ድምፅ ሰማሁ። ኡኡታ ነው። ዱላዬን አንስቼ ወጣሁና እኔም ኡኡ እያልኩ ሮጥኩ፤ በዚህ እግር መሮጥ ካሉት። ስሮጥ የበሮች መቀርቀሪያ ሰማሁ። ሲከፈት አይደለም፤ ሲቆለፍ። አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከፊቴ እየቀደመ።

አንድ ጎረምሳ ባላለቀው ቤት በኩል ሊጎትታት ክንዷን ይዟት ኖሮ እጁን ነክሳ አምልጣዋለች። እጅጌዋ ተቀዷል፣ አንድ እግሯ ባዶ ነው። እኔን ሲያይ ቦረቦሩን ዘሎ ጠፋ። ድንጋይ ወረወርኩ፤ ሳትኩት። ያ ድንጋይ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጅቷን ለእናቷ አስረክቤ የጎረቤቴን በር በዱላ ደበደብኩት። ቀዳዳዋ ተከፈተች።

«ልጅ ስትጮህ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ አባቴ።»

«ታዲያ?»

«የማላውቀው ሰው ጉዳይ ውስጥ ምን ብዬ ልግባ?»

«ጎረቤትህ ነኝ።»

«መቼ ተዋወቅን?»

ወላሂ፣ ፊቱ ከቀዳዳዋ ውጭ ቢሆን መትቼው ነበር። በሩን መታሁት። ሰረጎደ። ዛሬም እንደሰረጎደ ነው፤ አንድ ቀን አልተጸጸትኩም።

ቤት ስገባ ልጄ የልጅቷን ጉልበት ታጥባለች። ልጅቷ ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች፣ ከዚያ ወዲያም በዚያ መንገድ አትሄድም። ልጄ ቀና ሳትል፣

«አባዬ፣ የዚያን ቀን ለቀስተኞቹ ከየት ነበር የመጡት?» አለችኝ።

ለካ ዘበኛው ለእሷም ነግሯታል። ስንት ሳምንት አውቃ እኔ እስክናገር ትጠብቃለች። ከአምባሰል አልኳት። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ እኔም እጮህ ነበር።

«እኔ ነገ ልጆቼን ይዤ ባለወፍጮዋ ዘንድ ክፍል እጠይቃለሁ። አንተ ቤትህን ጠብቅ» አለች።

አሮጌው ሰፈር ያየነው ቤት ተሸጧል። የቀረው ባለወፍጮዋ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው። ሁለት ቀን ብቻዬን ቤቴን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ለተከራይ ሰጠሁትና ፍራሼን ተሸክሜ ወረድኩ። ባለወፍጮዋ በሯ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ጥርስህን አገኘኸው?» አለችኝ።

ቅሬ ልመዝገብ አልኳት። ቅሬ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ሰላም ይላል አለችኝ። እንደምን አደርሽ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር።

አራታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን። ወፍጮው ያጓራል፣ ሻዬ ላይ ዱቄት ይወርዳል፣ ሴትዮዋ ምን እንደበላሁ ሳይቀር ትጠይቃለች። ሰፈሩን አልወደድኩትም፤ ወደድኩት ብዬ አልዋሽም። ግን አንድ ቀን ልጅቷ ከትምህርት ቤት ዘገየች። ጫማዬን እስካጠልቅ ወፍጮው ጸጥ አለ። ስወጣ ባለወፍጮዋ በዱቄት እንደተቀባች፣ ሦስት ሴቶችና ብስክሌት ጠጋኙ ከኋላዋ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ እየሄዱ ነው። ልጅቷ ፈተና ላይ ቆይታ ነበር። በጓደኞቿ ፊት አዋረዳችሁኝ ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችን። ታኩርፍ። ዘጠነኛን አልፋለች፣ አሁን አሥረኛ ናት።

ባለፈው ደላላውን አስፋልቱ ዳር አገኘሁት። አንድ ገበሬ ይዟል፤ እኔን የሚያህል፣ ከዘራ የያዘ፣ አዲስ ጫማ የሚቆርጠው ሰው። ዳገቱን ሊያወጣው ነው። ሽቅብ ሳይ እዚያ ሰፈር ድንኳን ተተክሏል።

«ወንድሜ» አልኩት ገበሬውን፣ «ድንኳኑን አይተህ እንዳትገዛ። እስኪነቀል ቆይና ማን እንደሚቀር እይ።»

ደላላው እብድ ነው ተወው አለው። ገበሬው እኔን አየኝ፣ ድንኳኑን አየ። ሰው ሞልቶበታል፣ ከዚህ ይታየኛል እኮ አለኝ። አለፈኝና ሄደ። ልከተለው አስቤ ነበር። ነገር ግን አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፤ ልጅቷ ትወጣለች። አትምጣብኝ ብላኛለች። ከማዶ ሆኜ ነው የማያት።